የጸደቀው ስንት ነው?

የመጀመሪያው ላፕቶፔ ባህር ዛፍ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሲደርሰኝ አባቴ ደቡብ ጎንደር ካለው ቤታችን ጓሮ የነበረውን ባህር ዛፍ ለአጣና ነጋዴ ሸጠና ብሩን ላከልኝ። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ ሲበዛ ይሞቃል፣ ባትሪው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግን ኮድ መጻፍ የተማርኩት በእሱ ነው። ባህር ዛፉም ከጉቶው አቆጥቁጦ፣ እኔ ስመረቅ እንደገና ለአጣና ደርሶ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የማወራው ነገር ከተማ ተቀምጦ ገበሬውን የሚወቅስ ሰው ወሬ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ነው። ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ ችግኝ የሚቆጥር አፕ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ከተባለ ወዲህ ችግኝና ቁጥር ተለያይተው አያውቁም፤ ደንበኛችንም ቁጥር ነው የፈለገው። ተካዩ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ጂፒኤሱ ቦታውን ይመዘግባል፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ቆንጆ ነበር። እውነቴን ነው፣ አሁንም ሳየው ያምረኛል።

ለምረቃው በተጠራው ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። የሥነ ምህዳር ባለሙያ ናቸው፣ አገር በቀል ደን መልሶ ማልማት ላይ ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ሁሉም «ዶክተር» ነው የሚላቸው። (ኋላ ስንቀራረብ «አንቺ በለኝ» ብለውኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ።)

«ይሄ የተተከለው ነው» አሉ። «የጸደቀው ስንት ነው?»

ዳታቤዙ ውስጥ እንደዚያ የሚባል ኮለምን አልነበረም። ያልመዘገብኩትን ነገር ከየት አምጥቼ ልመልስ? «በሚቀጥለው ቨርዥን ይካተታል» አልኩ። ፕሮግራመር ሲዋሽ እንዲህ ነው የሚለው።

ዶክተር ግን አልተዉኝም። በመጋቢት ደቡብ ጎንደር ለመስክ ሲወጡ «ናና ኮለምንህን አሳይሃለሁ» አሉኝ። አገሬ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ሳቁብኝ።

አካባቢውን ከሳተላይት ያየ ሰው ያውቀዋል። ጎግል ኧርዝ ላይ ከደብረ ታቦር ዙሪያ ብትገቡ ቡናማ ማሳ ላይ ማሳ ነው፤ በመሀሉ እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ጠብታ። እያንዳንዱ ጠብታ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሀሉ ላይ ቤተ መቅደሱ፣ ዙሪያውን ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከሥር አጋሙና ቀጋው። ሌላው ሁሉ ታርሶ አልቆ የቀረው እሱ ነው። እኔ በዚያ ዛፍ ሥር ተጠምቄ፣ ጥላው ላይ ተጫውቼ አድጌ፣ «ደን» እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም። ለእኔ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነበር።

ይህን ደን በሙያ ዓይን ካጠኑት አንዱ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ አዎ፣ «እመጓ»ን የጻፉት። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረጉ ተደምሮ 168 ዝርያ መዝግበዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም አብያተ ክርስቲያናቱ ደናቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ሠርተዋል። ካብ ስላችሁ ሲሚንቶ እንዳታስቡ፤ ገበሬው ከማሳው ለቅሞ የሚያወጣው ድንጋይ ነው። ማሳው ይጸዳለታል፣ ደኑ ይታጠራል።

ካቡ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ በጉልበቴ ከተንበረከክኩ በኋላ ነው። የዶክተር ሥራ ባብዛኛው መንበርከክ ነው። በገመድና በችካል አሥር በአሥር ሜትር ይከልላሉ፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ቡቃያ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ክልላችን ካብ ያልደረሰው ጎን ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩን የሸፈነ ጥድና ወይራ አለ። ጎንበስ ስል ምንም የለም፤ የከብት ኮቴ የደቀደቀው ደረቅ መሬት ብቻ። በማግስቱ ካቡ ውስጥ ከለልን። ትናንሽ ወይራዎች፣ የጣት ያህል ጥቁር እንጨቶች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ብዙ ነገሮች። ሰዓቱን ሳናውቀው መሸብን።

«ያኛው ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ነው» አሉ ዶክተር። «ከላይ ስታየው ሙሉ ነው። ልጅ ግን የለውም።»

ሌላም ነገር አስረዱኝ። ከነዚህ ደኖች አፈር ተወስዶ ውስጡ የተቀበረው ዘር ሲጠና፣ አብዛኞቹ ዛፎች አፈር ውስጥ ዘር አያከማቹም። የጥቁር እንጨት ዘር ለምሳሌ ወድቆ ቶሎ ካልበቀለ ይሞታል። የወይራው ደግሞ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በጥንቃቄ ሰብረው ካላወጡት ለመብቀል ዘመን ይፈጅበታል። ስለዚህ እናት ዛፎቹ አንዴ ከተቆረጡ «መሬቱን እንተወው፣ ራሱ ይመለሳል» ማለት ብዙ አያዋጣም። እኔ ወዲያው «ባክአፕ የለውም ማለት ነው» አልኩ። ኢንጂነር ነገር የሚገባው ወደ ራሱ ሙያ ሲተረጉመው ነው፤ ዶክተር ግን ትርጉሙን አልወደዱትም። «ባክአፕማ አለው፤ ጎረቤት ያለው ደን ነው። ወፍ ዘሩን ይዞ እስከሚደርስበት ድረስ» አሉ። አረንጓዴ ጠብታዎቹ ምን ያህል እንደተራራቁ አስቡት።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ከደኑ በስተምዕራብ፣ ካቡ ውስጥ፣ ሰበካ ጉባኤው የተከለው ባህር ዛፍ ነበር። ዶክተር ስለሱ ሊነጋገሩ ቀጠሮ ይዘው፣ ቄሰ ገበዙና ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ቄሰ ገበዙ እስኪጨርሱ አዳመጧቸውና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ጥዱ የታቦቱ ልብስ ነው፤ ማንም አይነካውም። ባህር ዛፉ ደግሞ ጓዳችን ነው። ይሄ ቆርቆሮ በምን የተገዛ ይመስልሻል? ዕጣኑስ፣ ዘቢቡስ?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ጀርባዬ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ያለው ላፕቶፕ የዚያኛው የልጅ ልጅ ነው።

ዶክተር ይከራከራሉ ብዬ ስጠብቅ «ልክ ነዎት» አሉ። ከዚያም ባህር ዛፍ ሰይጣን አይደለም አሉ፤ በሙነሳ ሻሸመኔ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ተፈጥሮ ደን አጠገብ ያለ የውጭ ዛፍ ጥላ ሥር አገር በቀል ቡቃያ ሊወጣ ይችላል። ችግሩ እየታጨደ፣ እያቆጠቆጠ፣ እንደገና እየታጨደ ሲሄድ ነው፤ ሥሩ ያለው ቡቃያ ከአጣናው ጋር ይረገጣል። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ የቆመው ይድረስና ይሸጥ፤ ከዚያ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ይደረግ፤ አዲሱ ባህር ዛፍ ከካቡ ውጭ፣ ከምንጩም ርቆ ይተከል።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። የተስማሙት በግማሹ ነው። ለሌላው ግማሽ «እናያለን» ተባለ፤ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከመለያየታችን በፊት ቄሰ ገበዙ የእኔን ሥራ ጠየቁኝ። የሚተከል ችግኝ በስልክ እንደምቆጥር ነገርኳቸው። «የጸደቀውንም?» አሉ። «እሱን ገና አልጀመርኩም» ስላቸው ሳቁ። «ታዲያ አንተ የምትቆጥረው የተጠመቀውን ነው።» አማርኛችን ችግኙንም ሰውዬውንም በአንድ ቃል ማጽደቁን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ኮለምኑን ጨመርኩ። ኮዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ሌላው ነው፦ አንድ ሰው በመጋቢት ወደ ቦታው ተመልሶ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት፤ ለእሱ ደግሞ አበል አልተያዘም። ለሙከራ አንድ ቦታ ላይ በሐምሌ የተመዘገቡ 40 ችግኞችን ፈልገን 11 በሕይወት አገኘን። አለቃዬ ቁጥሩን አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ደንበኛው ይሄን ሲያይ ምን ይላል?» አለኝ። ኮለምኑ እስካሁን አለ። የፊት ገጹ ላይ ግን የለም፤ ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ ነው የምታገኙት። እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ። ደመወዜንም አውቃለሁ።

ለአባቴ ደውዬ ነገሩን ሁሉ አወራሁት። ጓሮው አምና ለሦስተኛ ጊዜ ተቆርጧል፤ ወንድሜን የሚያስተምረው እሱ ነው። ጥጉ ላይ ጥድና ወይራ ይተከል ስለው ሳቀብኝ።

«ጥድ ለማን ነው የምተክለው? ለልጅህ? መጀመሪያ አግባ እንጂ!»

ቢሆንም ዶክተር ከችግኝ ጣቢያው ሁለት ወይራና አንድ ጥድ ሰጥተውኝ በሐምሌ ይዤለት ሄድኩ። አብረን ነው የቆፈርነው። ፎቶ አነሳሁ፣ መዘገብኩ፣ ሦስት አረንጓዴ ነጥብ ብልጭ አለች።

ጥር ላይ ራሱ ደወለ። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። ሊዘጋ ሲል ትዝ አለው።

«ያ ያመጣኸው ነገር፣ ወይራዎቹን ፍየል በላቸው።»

«ጥዱስ?»

«እሱ አለ። እሾህ ከምሬበታለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ አፑን ከፈትኩ፤ ሁለት ጊዜ ተጭኜ ኮለምኑን አወጣሁና ሞላሁት።