ሰባራ ድልድይ

ብቻዬን የሄድኩት ጓደኞቼ «ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?» ስላሉኝ ነው። ከደብረ ታቦር እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያ በአንዳቤት በኩል ቁልቁል ወደ ዓባይ። መጨረሻውን በእግር።

ፍርስራሽ ስንል እርጅና የጣለው ይመስለናል። ሰባራ ድልድይን ግን እርጅና አልጣለውም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር። በወረራው ጊዜ አርበኞች ጣሊያን እንዳይሻገር መሐሉን ሰበሩት። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ስብራቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ የቆሙ ጎበዛዝት እየጎተቱት፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ አለፈ፣ ኢሕአዴግ ገባ። ገመዱ እዚያው።

እንዴት ተጠገነ መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የገመዱን ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። በዓመቱ መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ጠገነው። ጥገናውን በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሰውየውን እግዜር ይስጠው። እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው፦ ለአገር ብሎ መንገዱን የሰበረ ሕዝብ ሦስት መንግሥት አይቶት ዝም ማለቱ።

ተንጠልጣዩ ላይ አህያ እየነዱ የመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ።

«አባባ፣ በገመዱ ተሻግረው ያውቃሉ?»

«ስንቴ ልጄ! አንዴማ ከነበጌ።»