ሞምባሳ፦ ባሕሩና ትዳራችን

የዓመት ዕረፍታችሁን ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ራቅ ብላችሁ ለማሳለፍ ካሰባችሁ፣ የጎረቤታችን የኬንያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሞምባሳ የምትታሰብ ናት። ከናይሮቢ የሚነሣው አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ቀሏል። በሚያዝያና በግንቦት ግን ዝናቡ ስለሚበረታ ሌላ ወር ብትመርጡ ይሻላል።

መጀመሪያ ባሕሩን እዩ። በኒያሊ ወይም በባምቡሪ አሸዋ ላይ ስትቆሙ፣ ትልቁ ሞገድ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ሲሰበር ታያላችሁ። የሚሰብረው የኮራል ግንብ ነው። ይህን ግንብ የሠሩት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ሲሆኑ፣ ኖራ የመሰለ አካላቸውን ለብዙ ሺህ ዓመታት እየደራረቡ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ሲጎድል በእግር ገባ ማለት ስለሚቻል ሰዓቱን ከሆቴላችሁ ጠይቁ። እሾሃም የባሕር እንስሳት ስላሉ ጫማ አድርጉ፤ ኮራሉን አትርገጡ፣ ዛጎልም አታንሡ። የባሕሩ ከፊል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ጥብቅ ፓርክ ነው።

ቀጥሎ እዚያው ባምቡሪ ወዳለው ሃለር ፓርክ ሂዱ። ዛሬ ጉማሬና ቀጭኔ የሚታይበት ይህ ደን ቀድሞ የሲሚንቶ ፋብሪካ የድንጋይ ካባ ነበር። አፈር የሚባል አልቀረበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የተባለ የእርሻ ባለሙያ ዛፍ መትከል ጀመረ። በደረቁ ድንጋይ ላይ በደንብ የያዘው ሸውሸዌ ነበር። የረገፈው ቅጠሉ አልበሰብስ ሲል፣ ብዙ ቀይ እግር ያለውን ትል አምጥተው ለቀቁበት። ትሉ ቅጠሉን እየበላ አፈር አደረገው፤ በአፈሩም ላይ ሌሎች ዛፎች በቀሉ።

ለእኛ ለወንጌላውያን ደግሞ ሞምባሳ ሌላ ትዝታ አላት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ያገለገለው ሚስዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ፣ ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል እ.ኤ.አ. በ1844 ከባለቤቱ ከሮዚን ጋር ወደዚህች ከተማ መጣ። ቀደም ሲል ወደ ሀገራችን ለመግባት ሲጥሩ በበረሃ ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጃቸውን ሞት ነጥቋቸዋል፤ አባቷ ያወጣላት ስም «እንባ» ነበር። ሞምባሳ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሮዚንና አዲስ የወለደቻት ሕፃን በንዳድ ሞቱ። መቃብራቸው ከደሴቲቱ ማዶ ይገኛል። ክራፕፍ አገልግሎቱን አልተወም፤ በኋላም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በማረም ሠርቷል። በዚያ መቃብር አጠገብ ጥቂት ቆማችሁ አብራችሁ ጸልዩ።

ውድ ባለትዳሮች፣ ብዙ ጊዜ ለዕረፍት ስንሄድ በቤት ያልተነጋገርንበትን ቅሬታ ይዘን ነው። ሦስት ቀን ሆቴል ማደር ለዓመታት የተቆፈረውን አይሞላም። የካባው ድንጋይ ደን የሆነው በዛፍ ላይ ዛፍ፣ በቅጠል ላይ ቅጠል እየተጨመረ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ስልካችሁን ክፍል ትታችሁ በዳርቻው ተቀመጡ። «በዚህ ዓመት ከእኔ ምን ጎደለብሽ? ምን ጎደለብህ?» ተባባሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ወደ ቤት ስትመለሱ በየዕለቱ የምታደርጉትን አንድ ትንሽ ነገር መርጣችሁ ተመለሱ። ጌታ መንገዳችሁን ይባርክ!