«አይታወቅም» ያለው ልጅ

ባሕረ ሐሳብን የተማርሁት በዲቁናዬ ጊዜ በመርጡለ ማርያም፥ ንግሥት እሌኒ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጬ፥ በጣቴ እየቈጠርሁ ነው። አልጀብራን ግን በኋላ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማርሁ። ሁለቱ ትምህርቶች በልቤ ውስጥ ሳይተዋወቁ ብዙ ዘመን ኖሩ። ያስተዋወቃቸው አንድ ተማሪዬ ነው፤ ያውም የበደልሁት።

ማስተማር በጀመርሁበት ወራት ሳልዘጋጅ ገብቼ፥ ከራሴ ፈጥሬ በሰሌዳ ላይ ሁለት እኩልታ ጻፍሁ፤ ሀ + ለ = 30፥ 2ሀ + 2ለ = 60። «ሀ ስንት ነው?» ብል ልጁ ተነሥቶ «አይታወቅም፥ መምህር» አለኝ። ያልታወቁት ቍጥሮች ሁለት፥ እኩልታዎቹም ሁለት ከሆኑ መልስ ይገኛል የሚለውን ሕግ በቃሌ ይዤ ነበርና፥ ስንፍና መስሎኝ ከክፍል አስወጣሁት። ማታ ራሴ ብሠራው ያገኘሁት 0 = 0 ብቻ ሆነ። ሁለተኛው እኩልታ ያው የመጀመሪያው ነበረ፤ እጥፍ ለብሶ የመጣ። በማግስቱ ግን ለልጁ አልነገርሁትም።

በቅርቡ ይኸው ልጅ፥ አሁን ጐልማሳ ነው፥ ከአዲስ አበባ ስልክ ደወለልኝ። በውጭ አገር የንግድ አስተዳደር ለመማር ጂማት ለሚባለው ፈተና ይዘጋጃል። በዚያ ፈተና አንድ ጥያቄና ከሥሩ ሁለት ማስረጃዎች የሚሰጡበት ክፍል አለ። የሚፈለገው መልሱ ሳይሆን ፍርዱ ነው፤ አንደኛው ብቻውን ይበቃልን? ሁለተኛውስ? ወይስ እያንዳንዳቸው? ወይስ ተባብረው? ወይስ ተባብረውም አይበቁም? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 ፈተናው ሲሻሻል ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ከሒሳቡ ክፍል ወጥቶ ዳታ ኢንሳይትስ ወደሚባለው ተዛውሯል።

«እኩልታውን እየቈጠርሁ እሳሳታለሁ» አለኝ። እርሱም የአብነት ተማሪ ነበርና እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት፤ «ፋሲካ መቼ ይውላል? አንደኛ፥ አበቅቴ 12 ነው። ሁለተኛ፥ መጥቅዕ 18 ነው።»

ሳቀ። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ናቸውና አንዱን የያዘ ሌላውንም ይዟል፤ ሁለተኛው ማስረጃ አዲስ ነገር አልነገረንም። መስከረም 18 በየትኛው ዕለት እንደሚውል ካልታወቀም ተውሳኩ አይገኝም። መስከረም 1 ሐሙስ ነው ቢባል ግን ይበቃል። በፈተናው እዚህ ላይ ማቆም ነው፤ እኔ ግን ጀምሬ መተው አልሆነልኝም። መስከረም 18 እሑድ ይሆናል፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ 18ና 7፥ 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፤ 30 ሲገደፍ 4፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ተቃራኒው ወጥመድም አለ። ባለ 5 ብርና ባለ 7 ብር ጧፍ በድምሩ በ29 ብር ገዛሁ ብልህ፥ እኩልታው አንድ፥ ያልታወቁት ሁለት ስለ ሆኑ «አይበቃም» ልትል ትችላለህ። ነገር ግን ጧፍ በግማሽ አይሸጥም፤ ስለዚህ ከ3 ባለ 5ና ከ2 ባለ 7 በቀር ሌላ መንገድ የለም። እዚህ ላይ ተማሪዬ ተሳስቶ ነበር።

ስልኩን ሳንዘጋ፥ «ያን ቀን ትክክለኛው አንተ ነበርህ» አልሁት።

«ዐውቃለሁ፥ መምህር፤ ውጭ ቆሜ በአፈር ላይ ሠርቼዋለሁ» አለኝና፥ ቀጣዩን ጥያቄ ያነብልኝ ጀመር።