ዝም ያለ ቀለህ

ልጅ ሳለሁ ቀለህ ለእኔ ፉጨት ነበር። እኛ ገጠር ለሠርግም ለለቅሶም ጥይት ሲተኮስ ልጆች ተኳሹን አናይም፤ መሬት ለመሬት እየተሻማን የወደቀውን ቀለህ እንለቅማለን። አፉ ላይ ከንፈራችንን አስጠግተን ስንነፋው ያፏጫል። ከዚያ ሌላ የሚናገረው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ኮሎራዶ የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ። ለካ ታናሼ አዳኝ ሆኖልኛል! በወቅቱ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል፤ ጥይቱንም የሚሞላው ራሱ ነው። እዚያ አገር ይህ የተለመደ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዱታል፣ በመጭመቂያ ወደ ቅርጹ ይመልሱታል፣ ቂጡ ላይ ያለችውን እሳት ጫሪ ቆብ በአዲስ ይተካሉ፣ ከዚያ ባሩድ መዝነው ጨምረው አረሩን ይገጥሙበታል።

እናላችሁ አንድ ማታ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ በማጉያ መነጽር ቀለህ ይመርጣል፤ ልክ ምስር እንደሚለቅም ሰው። ከተጣሉት አንዱን አነሳሁ።

“ይሄ ደግሞ ምን ሆነ? ወርቅ መስሎ የለም እንዴ?”

“ከቂጡ ከፍ ብላ የምታበራዋን ቀለበት አየሃት ጋሼ?” አለና ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ሰጠኝ። ወደ ውስጥ አስገብቼ ግድግዳውን ስፍቀው እዚያችው ቦታ ላይ ያዝ አደረገኝ። ናሱ በየተኩሱ እየተሳበ ሳስቷል። አንድ ቀን እዚያ ላይ ለሁለት ይበጠሳል።

በእሱ ጠመንጃ ጥይት የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ ነው። የመኪና ጎማችን 30 ገደማ ነው እንግዲህ! ጋዙ ወደ ተኳሹ እንዳይመለስ አብጦ የሚደፍነው ያ ስስ ናስ ነው።

ሌላም ምልክት አሳየኝ። ቆቧ ተደፍጥጣ ጠርዟ ከጠፋ፣ ቀለሁን የሚያስፈነጥረው ብረት ቂጡ ላይ ከታተመ፣ ማቀባበያው አልነሳ ብሎ ካስቸገረ፣ ባሩዱ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

“ገባኝ” አልኩት። “ምልክት ከሌለው ደህና ነው ማለት ነዋ!”

ሳቁን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ ከቅንድቡ በታች ያለችውን ጠባሳ አሳየኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አረሩ ይፍጠንልኝ ብሎ፣ መጽሐፉ ከሚፈቅደው መጠን በላይ ትንሽ ትንሽ ባሩድ ይጨምር ጀመር። በጨመረ ቁጥር ቀለሁን ያያል። ንጹሕ ነው። “ምንም ካላለኝ ምን አስፈራኝ?” ይል ነበር። አንድ የጠራራ ፀሐይ ቀን ቀለሁ ቂጡ ላይ ተሰነጠቀና ጋዙ ወደ ፊቱ ተመለሰ። የናስ ስባሪ ቅንድቡ ሥር ገባ። መነጽር ባያደርግ ኖሮ ዓይኑ አልነበረም።

“ናሱ ከናስ፣ ቆቡም ከቆብ ይለያያል ጋሼ” አለኝ። “አንዱ በልኩ ተሞልቶ ይደፈጠጣል፣ ሌላው ከልክ አልፎም ዝም ይላል። ምልክት ካየህ አቁም። ካላየህ ግን ደህና ነው ብለህ አትመስክር። ጋራዥ ውስጥ የግፊት መለኪያ የለኝም፤ ያለኝ ሚዛንና መጽሐፍ ነው። ከዝቅተኛው መጠን ጀምሬ ከጣሪያው አላልፍም።”

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይህ ልጅ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ ስልክ በደወልን ቁጥር “ደህና ነኝ” ይለናል። እኛም ድምፁን ሰምተን ደህንነቱን እንመሰክርና እንጨምርበታለን። መጀመሪያ ለእናቱ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለእህቱ ሠርግ፣ ከዚያ ለቤቱ ጣሪያ። የጣሪያውን የለመንኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ያወቅሁት ቤቱ ሄጄ ነው፤ ሌሊቱን ሲወጣ በር ሲከፈት ሰምቼ።

እኛ ፊት አይተን፣ ድምፅ ሰምተን ሰውን እናውቃለን ባዮች ነን። የከፋው ሰው ሁሉ ግን አይገረጣም።

ልመለስ ስል አየር ማረፊያ ሸኘኝ። “ደህና ነህ ግን?” ልለው አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት።

“በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ?” አልኩት።

መሪውን ይዞ ዝም አለ። ቆይቶ፣ “አራት” አለኝ።