የፈረሱ ስም

የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. (በእኛ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም.) ለዕይታ ያበቃው አንድ ፊልም አለ። ርእሱን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የነጫጭ ድንጉላዎች ተአምር» ይሆናል። አዘጋጁ አርተር ሂለር፣ መሪ ተዋናዩ ሮበርት ቴይለር ነው። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው። ቪየና በቦምብ ስትደበደብ፣ የዝነኛው የስፓኝ የግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ኮሎኔል አሎይስ ፖድሃይስኪ፣ ሊፒዛነር የሚባሉትን ፈረሶች ይዞ ሳንክት ማርቲን ወደተባለች የኦስትሪያ መንደር ይሸሻል። ድንጉላዎቹ ተረፉ፤ ባዝራዎቹና ውርንጭሎቻቸው ግን ቀደም ብለው በናዚዎች ተወስደው በቼኮዝሎቫኪያ ምድር፣ ሆስታው በምትባል ስፍራ ነበሩ። ባዝራ ከሌለች ደግሞ ድንጉላው ቢተርፍ ባይተርፍ ዘሩ ያው ያከትማል።

ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በኮሎኔል ቻርልስ ሪድ የሚመራው የአሜሪካ ሁለተኛው የፈረሰኛ ጦር (ስሙ ፈረሰኛ ይሁን እንጂ የሚጋልበው ብረት ለበስ ነበር) ሆስታውን ያዘ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ማለትም እኛ አራተኛውን የድል በዓላችንን ባከበርን በሁለተኛው ቀን፣ ፖድሃይስኪ በጄኔራል ፓተን ፊት ጋልቦ ፈረሶቹን እንዲጠብቅለት ለመነው። በዚያው ዕለት ጀርመን የእጅ መስጠቷን ውል ፈረመች።

ፊልሙን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ አዳማ፣ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር አየሁት። እኔን የሳበኝ ከፊልሙ ይልቅ ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ነው።

በባንክ አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ገና ቡናው ሳይወጣ ጀመረች። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዓመት፣ ለፈረስ ብለው ታንክ ይልካሉ? ያ ሁሉ ሕዝብ በየካምፑ እያለ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቁጣ የፊልም ተመልካች ቁጣ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህች አገር የሚሆነውን ያየ ሰው ቁጣ ነበር፤ ማናችንም አልተቃወምናትም። ጎረቤቴ የሆኑት ጡረተኛው የታሪክ መምህር ቅሬታቸው ሌላ ነው። «ጦርነቱ ታጥቦ ተተኩሶ ቀረበልን» አሉ። ናዚዎች ፈረሶቹን በሆስታው የሰበሰቡት ከያዟቸው አገሮች ዘርፈው፣ ለጦር ሠራዊታቸው የሚሆን አንድ ወጥ ዘር ለማራባት መሆኑን፣ ፖድሃይስኪም ራሱ የጀርመን ጦር መኰንን እንደ ነበረ፣ ፊልሙም በዚህ ላይ ብዙ ሳይቆይ ማለፉን አስረዱን። የአክስቴ ልጅ ግን ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ነውና ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየው የፈረሶቹን ጀርባና ኮቴ ብቻ ነው። «አንድ እንኳ የኮርቻ ቁስል የለም» አለ በአድናቆት። ሊፒዛነር ሲወለድ ጠቆር ብሎ፣ ከዓመታት በኋላ ነጭ እንደሚሆን የነገረንም እሱ ነው።

በእኔ አስተያየት ፊልሙ ያዘግማል፤ ከፈረሶቹ ውዝዋዜ በቀር ልብን ሰቅዞ የሚይዝ ትዕይንት ጥቂት ነው። የጓደኛዬ ጥያቄ ግን እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ጄኔራል ፓተን ራሱ፣ ዓለም በጦርነት በምትናወጥበት ጊዜ ጎልማሶች ፈረስ ሲያስጨፍሩ መኖራቸው እንግዳ ነገር እንደ ሆነበት በማስታወሻው ጽፏል። በሆስታው ዙሪያ በተደረገው ውጊያ ሁለት አሜሪካውያን ወታደሮች ሞተዋል። ጦርነቱ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ልጅዋ በባዝራ ምክንያት እንደ ሞተ ለተነገራት እናት ማን ምን ብሎ ይመልስላታል?

ነገር ግን የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ አለ፤ እኔን የረታኝም እሱ ነው። በዚያ የፈረስ ማርቢያ አሜሪካውያን፣ እጃቸውን የሰጡ ጀርመኖች፣ ከምርኮ የተፈቱ እስረኞችና ኮሳኮች ጎን ለጎን ሆነው፣ ሊያጠቋቸው የመጡትን የኤስ.ኤስ. ወታደሮች ተከላከሉ። ከሳምንት በፊት እርስ በርስ ይተኳኮሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ስለ ሰው ብሎ መታረቅ ሲያቅተው ስለ ፈረስ ብሎ ታረቀ። ይህ ያሳፍር ወይስ ያጽናና፣ እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም።

መምህሩ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «የእኛዎቹን ፈረሶችስ ማን አዳናቸው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ይጠራ እንደ ነበር አንተም ታውቃለህ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። በኦሮሞ ዘንድማ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ በጊቤ ነገሥታት አገር የፈረሱ ስም የተጸውኦውን ስም ሸፍኖ ንጉሡ አባ ጅፋር፣ አባ ባጊቦ ተብሎ ለታሪክ ቀርቷል። «አባ» የምትለዋን ቃል ልብ በል። ሰውየው የፈረሱ ጌታ አልተባለም፤ አባቱ ነው የተባለው። ሰው በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር፣ እነዚህ ሰዎች በልጃቸው ስም ተጠሩ፤ ያም ልጅ ፈረስ ነበር።

ይሁን እንጂ ስሙ ቀረ እንጂ ፈረሱ የት እንደ ወደቀ የሚነግረን የለም። ዓድዋ ላይ ስንት ፈረስ ሞተ? የሰዉንም ቁጥር በግምት የምንናገር ሰዎች የፈረሱን ከየት እናመጣለን? እኔ የማውቀው አንድ የተለየ ጉዳይ ቢኖር የአገው ፈረሰኞችን ነው። በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ በጦር ሜዳ የወደቁትን አርበኞች ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ጭምር ያስባል። ፈረሱ በኮርቻና በእርካብ አጊጦ፣ በአንገቱ ጌጥ ተንጠልጥሎለት ሜዳ ይወጣል። ሆሊዉድ ያልደረሰበት ፊልም ነው፤ ግን በየዓመቱ ይታያል።

በእኛ ቆላ ፈረስ ሌላ ዕጣ ደረሰው። አዳማ፣ ሞጆ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ የጋሪ ከተሞች ነበሩ፤ በመጠኑ ዛሬም ናቸው። የአርሲና የሸዋ ፈረስ ከኮርቻ ወርዶ ጋሪ ገባ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጋሪው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከሰው ወደ ጭነት ተገፋ። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት በአገሪቱ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች ሲመረመሩ፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ በተባለ በሽታ የተያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ሞጆ ከሁሉም የከፋች ነበረች። በሽታው በፈንገስ የሚመጣ ነው። መጣምሩ በላጠው ቁስል ይገባል፣ ዝንብም ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ቆዳው ላይ እባጭ በእባጭ እየተከታተለ ይፈነዳል። የአክስቴ ልጅ ቢሾፍቱ በሚማርበት ጊዜ ያየው ነገር ይህ ነበርና፣ በነጫጮቹ ጀርባ ላይ ዓይኑን መትከሉ አልገረመኝም።

በባንኩ መስኮት ከምቀበላቸው ደንበኞች አንዱ ሽማግሌ ጋሪ ነጂ ናቸው። የላባቸውን ብር በፌስታል ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ኖቶቹ የፈረስ ሽታ ስላላቸው ገና ሳልቀና ማን እንደ መጣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ወረፋ ባልነበረበት ሰዓት የፊልሙን ታሪክ ባጭሩ አጫወትኋቸው። በጽሞና ሰሙኝና፣ «ያን ሁሉ ፈረስ ማን አበላው፣ ልጄ?» አሉ። ከተመልካቾቹ ሁሉ ይህን የጠየቀ አልነበረም። በተራበ አገር፣ በጦርነት ማግሥት፣ ድርቆሹና ገብሱ ከየት መጣ? ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ፈረስ ሲሮጥ እንጂ ሲበላ አያሳዩም።

«የእርስዎስ ፈረስ ስሙ ማነው፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ስም የለውም። ዳማ ነው፤ ‹ዳማ› እለዋለሁ።»

«ለምን አያወጡለትም?»

የሰጠኋቸውን ደረሰኝ አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አባቴ በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው» አሉ፤ «እኔ ሦስት ፈረስ ቀይሬአለሁ። ሲያረጅ መሸጥ አለ። የሚገዛ ሲጠፋ ደግሞ መንገድ ላይ መልቀቅ አለ። ስም ካወጣሁለት እንዴት አድርጌ እለቀዋለሁ?»

ከኋላቸው ሌላ ደንበኛ መጥቶ ነበርና ጨዋታው በዚያው ቆመ። ማታ ቤቴ ገብቼ ለዳማው ግጥም ልጽፍለት ሞከርሁ። ስድስት መስመር ያህል ሄድሁና «አባ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤ ከእሱ ቀጥሎ የምጽፈው ስም አልነበረኝም። ወረቀቱ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር፤ ዳማው በደጅ፣ ከባንኩ ጥላ ሥር ቆሞ፣ የኋላ እግሩን እያሳረፈ ይጠብቃቸው ነበር።