የበረዶው መንገድ

ልጆቼ ሆይ፤ ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ሞቃት ከተማ እንደ ሆነች ታውቃላችሁ። በእርስዋ መንገድ ላይ በረዶ ተነጥፎ ማየት የተለመደ አይደለም። ነገር ግን ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚሄደው መንገድ፣ ርዝመቱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሙቀቱ አገር ወደ ብርዱ አገር ይወጣል። አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበሮች አድርሼ በፒክአፕ መኪና ከአሰላ እመለስ ነበር። ወንበሮቹን በማውረድ የረዳኝ የዐሥራ ሁለት ዓመት ተማሪዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ኢተያ ስንደርስ ሰማዩ ጠቈረ፤ ወዲያውም እንደ ሽምብራ ያለ በረዶ ወረደ። በአንድ ሻይ ቤት ተጠለልን። በረዶው ሲያባራ ምድሩ ሁሉ ጥጥ የተነጠፈበት መሰለ።

ልነሣ ስል፣ በሻይ ቤቱ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ የከባድ መኪና ሾፌር፣ «መምህር፣ አይቸኩሉ። ይህን ነገር መንገዳችንም አያውቀው፣ እጃችንም አያውቀው። አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡ፤ ፀሐይ ያቀልጠዋል» አሉኝ። እኔ ግን ሃያ ዓመት መኪና ነድቻለሁ ብዬ በልቤ ታበይሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ፤ ቀጠሮ አለብኝ» ብያቸው ሄድሁ።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመርን አህያ የሚነዳ ሰው በመንገዱ መካከል ታየኝ። ፍሬኑን በኃይል ረገጥሁት። ጎማው መዞሩን ተወ፤ መኪናው ግን አልቆመም። ኋላው ወደ ጎን ዞረ፤ መሪውም አልታዘዘኝ አለ። ሰውዬው አህያውን ጐትቶ ከመንገድ ወጣ፤ እኛም ቦይ ውስጥ ገባን። ልጁ የደኅንነት ቀበቶ አልታጠቀም ነበር፤ እኔም ታጠቅ አላልሁትም ነበር። ግንባሩ ከፊት መስተዋቱ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ፈሰሰ።

በኋላ ነገሩን መረመርሁ። ጎማ መኪናን የሚያቆመው መንገዱን ቈንጥጦ ሲይዝ ነው፤ በጎማውና በበረዶው መካከል ስስ ውሃ ሲገባ ግን መያዣ ያጣል። የእኔን ፒክአፕ የሚገፋው የኋላ ጎማው ነበር፤ ጭነቱን ካወረደ በኋላም ኋላው ቀላል ነበረና ፈጥኖ ተንሸራተተ። በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች፣ እንደ ካናዳና እንደ ስዊድን ባሉት፣ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ የጨው ውሃ የሚረጋው ከ0 ዲግሪ በታች ነውና። ለክረምት የተሠራ ጎማም ይገጠማል፤ በባዶ ፒክአፕ ኋላ የአሸዋ ከረጢት ይጫናል። ነጂውም ማርሽ ቀንሶ፣ ከፊቱ ካለው ርቆ፣ ፍሬኑን በቀስታ እየነካ ይሄዳል። በእኛ አገር ግን ጨውን ለወጥ እንጂ ለመንገድ የሚያስበው የለም። ስለዚህ የቀረልን መሣሪያ አንድ ነው፤ እርሱም ትዕግሥት ነው።

የልጁ ቍስል በዴራ ተሰፋ። ወደ እናቱ ቤት ስወስደው፣ «በረዶ ጣለን» ብዬ ልነግራት በልቤ ቃል አዘጋጀሁ። ነገር ግን ልጁ ቀደመኝና፣ ፊቴን እያየ፣ «እማዬ፣ በረዶው ነው የጣለን» አለ። ይህን የተናገረው እኔን ከወቀሳ ሊያድነኝ ነበር። ያን ጊዜ እጅግ አፈርሁ። «አይደለም፣ እኅቴ፤ ቆይ ተብዬ እንቢ ስላልሁ ነው» አልኋት። እርስዋም ብዙ ጊዜ ዝም ብላ የልጅዋን ሸሚዝ አጠበች። ከዚያም፣ «መምህር፣ ነገ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ የሚመጣው ግን በእግሩ ነው» አለችኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ወጣሁ።

ልጆቼ ሆይ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም። በረዶው በዚያው ቀን ቀለጠ፤ በልጁ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ። እናንተም በማታውቁት መንገድ ላይ ስትቆሙ፣ የሚያውቀውን ጠይቁ፤ ቆዩ ቢላችሁም ቆዩ። ስታጠፉም ጥፋታችሁን በበረዶ አታሳብቡ።