በሸራ ጀልባ ወደ በረዶው ባሕር

አንባቢ ሆይ፤ በሐምሌ መጀመሪያ ሰሜን ኖርዌይ ከምትገኘው ከትሮምሶ ወደብ ብትደርስ፥ ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እንኳ ሳትጠልቅ ታገኛታለህ። ባሕሩም ከደቡብ የሚመጣው ሙቅ የአትላንቲክ ውሃ ስለሚደርስበት በክረምት አይረጋም። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ስቫልባርድ ደሴቶች የሚሻገር ቤተሰብ ግን በዚህ መታለል የለበትም።

ወደ ሰሜን 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ተንሳፋፊ በረዶ ይገጥማል፤ ከ10 እጅ 9ኙ ያህል ከውሃ በታች የተሸሸገ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የጀልባይቱ አፍንጫ ይጠናከራል፤ በረዶ መግፊያ ረጃጅም እንጨቶች ይጫናሉ፤ መሪዋና ፕሮፔለሯ ይመረመራሉ። አነስተኛ የናፍጣ ምድጃም ይተከላል። ምድጃው ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሰው ትንፋሽ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ እየተንጠባጠበ የልጆቹን መኝታ ያርሳልና፥ ግድግዳው ከውስጥ በብርድ መከላከያ ይለበጣል። ይህን ንቆ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛ አባት አይጠፋም! (ከሰፈር የሚወጣ ሁሉ ነጭ ድብ ማባረሪያ እንዲይዝ የደሴቶቹ ሕግ ያዛል።)

ስንቁስ? ሮአልድ አሙንድሰን በ1903 እ.ኤ.አ. ከ6 ባልደረቦቹ ጋራ ዮኣ በምትባል ትንሽ መርከብ ተነሥቶ፥ በሰሜን ካናዳ ባንድ ወደብ 2 ክረምት ከርሟል። የ3 ሳምንት መንገደኛ የ2 ወር ስንቅ ቢይዝ አይበዛበትም።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆቹ ነገር ነው። በዚያ ውሃ የወደቀ ሰው እጁ በጥቂት ደቂቃ ደንዝዞ ገመድ መጨበጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጅ ወደ ላይ ሲወጣ በጠፍር ታጥቆ ከጀልባይቱ ጋራ ይያያዛል። ወላጆቹም ገና ወደብ ሳሉ፥ እንደ ሰው የከበደ ከረጢት ወደ ውሃ እየጣሉ በየተራ ብቻቸውን ማውጣት ይለማመዳሉ። እናቲቱ ባሏን የሚያህለውን ከረጢት ብቻዋን ማውጣት ካልቻለች፥ እኔ ብሆን መልሕቅ አላነሣም።